የእማዬ ምስርና የግንባር ባትሪዬ

ትናንት ማታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራት ሄደ። እማዬ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ነበር። ወጡ ለዛሬ ነው፣ ምስሩን ግን ማታውኑ ለቅማ ካላደረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሻማ!» ብላ ነበር የምትጣራው። ትናንት ግን «አንተ፣ ያን የግንባርህን ነገር አምጣልኝ!» አለች።

ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያበሳጨኝ የከረመ ዕቃ ነዋ።

ባትሪውን ያገኘሁት በ2004 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮች ሄደን ነበር። ከሳንካበር ተነስተን በግጭና በጨነቅ አድርገን ራስ ዳሸን ለመውጣት። ደባርቅ ላይ፣ ጉዞውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ «ያስፈልጋችኋል» ብሎ ሰጠኝ። ግንባር ላይ በላስቲክ የምትታሰር፣ ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የምትበላ፣ ከፊት ሦስት ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ያሏት ትንሽዬ ባትሪ። ያኔ ተአምር ነበረች።

ተአምርነቷ እስከ ተራራው ድረስ ነው። ራስ ዳሸን ለመውጣት ካደርንበት ከአምቢቆ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንነሳ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ ብርድ አይወድም፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ብርሃኗ አንዲት ትሪ የምታህል ሰማያዊ ክብ ሆና ቀረች፣ እኔም ያቺን ትሪ እየተከተልኩ ስደናቀፍ ነጋ። አብሮን የነበረው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ መሣሪያውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ያለ ምንም መብራት ከፊታችን ይሄዳል። አንዴ ዞር ብሎ አየኝና «እሷን አጥፋና በዓይንህ ሂድ» አለኝ። አላጠፋሁም። የከተማ ልጅ ነኛ።

ከዚያ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረችው። በቀደም ሳወጣት ድንጋዮቹ ፈሰው፣ መንካኪያዎቹ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። እንዲህ ያለውን አቼቶ ያስለቅቀዋል። በጥጥ ነካ ነካ አድርጌ ጠረግሁትና አዲስ ድንጋይ ጨመርኩባት። በራች። ግን ምን ዓይነት መብራት! የታመመ ሰው ፊት የሚመስል። እነዚያ ሉል ራስ ያላቸው ትናንሽ አምፖሎች ሲያረጁ እንዲህ ናቸው። የታሸጉበት ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ይጨልማል፣ ሙቀታቸውንም በሁለት ቀጫጭን እግሮቻቸው ካልሆነ የሚያስወጡበት የለም። ሲሠሩም ቢሆን እያንዳንዳቸው 20 ሚሊአምፔር አካባቢ ከረንት ብቻ ነው የሚጠጡት።

«እቀይረዋለሁ» አልኩ። እማዬ «ምኑን?» አለች። «አምፖሉን።» «ታበላሸዋለህ» አለች። ብዙ ዕቃ ስለፈታሁባት አልተቀየምኳትም።

የመጀመሪያው ሙከራ የትዕቢት ነው። መርካቶ ሄጄ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ ገዛሁ፣ ኮከብ የመሰለች አሉሚኒየም ላይ የተቀመጠውን። ነጩን፣ በጣም ነጩን መረጥኩ። ሻጩ «ይሄ መኪና ላይ ቢገጠም ይሆናል» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ቤት ገብቼ በካቻቢቴ አራቱን ብሎን ፈታሁ፣ ድሮዎቹን አነሳሁ፣ ሽቦውን ኮከቧ ላይ ልበይድ ስል ግን ሊዱ፣ መበየጃው የሚያቀልጠው ማጣበቂያ፣ አልቀልጥም አለ። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ይጠጣዋል። የእኔ መበየጃ ደግሞ ለራዲዮ ሽቦ እንጂ ለዚህ የሚሆን አይደለም። በመጨረሻ የልብስ ካውያውን ገልብጬ፣ ኮከቧን ጀርባው ላይ አስቀምጬ ከሥር አሞቅሁት። ያኔ ሊዱ እንደ ቅቤ ፈሰሰ።

«ካውያው ላይ ምን እየጠበስክ ነው?» አለች እማዬ ከጓዳ።

ኮከቧን ፕላስቲኩ ላይ በሱፐር ግሉ ለጠፍኳት። ሽቦዎቹን በቀጥታ ከሦስቱ ድንጋዮች ጋር አገናኘሁ፣ መሀል ላይ ምንም ሳላስገባ። ለኮስኩ።

ጣራው ፍንትው አለ! ጥጋጥጉ ያለው የሸረሪት ድር ሳይቀር አንድ በአንድ ታየ። እማዬ ከመገረም ይልቅ አፈረች። «ይሄን ለእንግዳ እንዳታበራ» አለችኝ። እንግዳውማ ቀድሞ ይታወራል። የግንባር ባትሪ ያሰረ ሰው ሲያናግርህ ሁሌም ዓይን ዓይንህን ነው የሚመታህ።

አምስት ደቂቃ አልሞላውም፣ ሽታ ሽታ አለኝ። ከኤልኢዲው ሥር ያለው ፕላስቲክ ለስልሷል። በቴስተር ስለካው 900 ሚሊአምፔር አካባቢ ይስባል። ለእነዚያ ቀጫጭን ድንጋዮች ይሄ ግፍ ነው። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሞቱ።

ይሄን ሁሉ ግን ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የምስሩን ነው። በማግስቱ ሌላ ድንጋይ አስገብቼ እማዬ ግንባር ላይ አሰርኩላትና «በይ ልቀሚ» አልኳት። ሰፌዱን ወዘወዘች፣ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ እንደገና ጎንበስ አለች። ከዚያ ፈታችውና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ጠጠሩም ምስሩም አንድ ሆነብኝ» አለች።

አላመንኩም፣ ራሴ አየሁት። እውነቷን ነው። ያ ብርትኳንማ ክክ በዚያ ብርሃን ሥር አመድ ነፍቶበታል። ጠጠሩም አመድ። ደብዛዛ ሻማ የሚለየውን ይሄ ሁሉ ብርሃን አልለየውም።

ምክንያቱ ኤልኢዲው ውስጥ ነው። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው ሲጀመር ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ቺፕ ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ዱቄት ይቀባል፣ ሰማያዊና ቢጫው ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ነው ይላል። (ያንን ሰማያዊ ለማግኘት ስንት ዓመት ፈጅቷል። ሦስቱ ሰዎች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ነው።) ርካሹ ዓይነት ውስጥ ታዲያ ቀዩ ብርሃን ትንሽ ነው። ቀይ ብርሃን ከሌለ ቀዩ ምስር ከየት አምጥቶ ይቅላ? ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታ ከ100 ይለካል፣ የተለመደው ርካሹ 70 አካባቢ ነው፣ ቀይ የሚጨምር ዱቄት የተቀባው ደግሞ ከ90 ያልፋል። እኔ ሻጩን ስንት ዋት እንደሆነ ብቻ ነበር የጠየቅኩት።

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነበርና ከ90 በላይ የሆነ፣ 3000 ኬልቪን የሚባለውን ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ኤልኢዲ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ስትመጣ ፖስታ ውስጥ ከታ ሰጠችኝ። ጥፍር ታክላለች። «ጫማ ትለኛለህ፣ ስልክ ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ለዚች ነው እንዴ ሌሊት የደወልክልኝ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚህኛው አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ሙቀቱ መሄጃ ይፈልጋል። ከአሮጌ ብረት ድስት ክዳን ላይ በሴጌቶ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩ። ብረት ድስት እንላለን እንጂ አሉሚኒየም እኮ ነው፣ ሙቀት ደግሞ ጥሩ አድርጎ ያስተላልፋል። ጠርዙን በሞረድ አለዘብኩት፣ ከኮከቧ ሥር ለኮምፒውተር የሚቀባውን ቅባት ስስ አድርጌ ቀብቼ በሁለት ብሎን አሰርኩት።

ቀጥሎ ሬዚስተር፣ ከረንቱን የሚገታው ዕቃ። ቻርጅ የሚደረጉ ሦስት ድንጋዮች አንድ ላይ 3.6 ቮልት ናቸው፣ ሙሉ ሲሆኑ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ኤልኢዲው በትንሽ ከረንት ሲሠራ 2.8 ቮልት አካባቢ ይወስዳል። የተረፈውን እንዲይዝ መሀል ላይ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ቴስተሩ 90 ሚሊአምፔር አለ። ከመጀመሪያው አንድ አስረኛ! ግን ትልቅ ኤልኢዲ በትንሹ ሲመገብ ብርሃኑን በቁጠባ ይሰጣል፣ በእጅ ሲነካም አይሞቅም። 800 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ድንጋይ በስሌት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያስኬደዋል። እዚህ ላይ የድስቱ ክዳን ብዙም እንዳላስፈለገ ገባኝ። ቢሆንም አልፈታሁትም፣ ደክሜበታለሁ።

ጉድለት የለበትም አልልም። የፊቱን ሌንስ ስላወጣሁት ብርሃኑ ይበተናል፣ ሩቅ አይመታም። በሽቦው በኩል የከፈትኩትን ቀዳዳ በናስትሮ ነው የጠቀለልኩት፣ ዝናብ አይችልም። በዚህ ራስ ዳሸን ልውጣ ብል ያ ስካውት ይስቅብኛል።

ትናንት ማታ ግን የሄድኩት ከሳሎን እስከ ጓዳ ነው። እማዬ በሻሿ ላይ አሰረችውና አበራችው። ብርሃኑ ሰፌዱ ላይ እንደ ምድጃ ፍም ወደቀ። ምስሩ ቀላ። ጣቷ ሰፌዱ ላይ ትር ትር ይል ጀመር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠጠር ለቅማ እጄን ዘርጋ ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዷ የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። «ይችን ያ ሰማያዊው አያሳየኝም ነበር» አለች፣ ስታናግረኝ ቀና ብላ ዓይኔን እያበራችብኝ።

ሁለት ሰዓት ሲል መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «እሰይ!» አለ። ተነስቼ ላጠፋላት እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረገችኝ።

«ቆይ፣ ይቺን ጥግ ልጨርስ።»