የዱቄት ወተቱ ሒሳብ

በዚህ ወር የቤታችንን ወጪ ደብተር ላይ ስደምር፣ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁን ብር የወሰደው የልጃችን የዱቄት ወተት ሆኖ አገኘሁት። ጤፉም፣ ዘይቱም፣ የታክሲውም ከእሱ በታች ናቸው። ልጃችን ደግሞ በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ አይደለም። ማታ ይጠባል፣ ሌሊት ይጠባል፣ ጠዋትም ከቤት ሳልወጣ ይጠባል። ቆርቆሮው የሚከፈተው እኔ ቢሮ በምውልበት ሰዓት ነው። በከፊል እየጠባ ወጪው ይህን ያህል ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በዱቄት ወተት የሚያሳድጉ እናቶች ወሩን እንዴት እንደሚዘልቁት ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ አውጥቼ ለባለቤቴ አሳየሁት። እኛ የምንገዛው ባለ 400 ግራሙ ቆርቆሮ 90 ገደማ መስፈሪያ ማንኪያ ይወጣዋል። አንዱ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፤ እንግዲህ ቆርቆሮው እስኪያልቅ ቢበጠበጥ ሦስት ሊትር ገደማ ወተት ቢሆን ነው። ስድስት ኪሎ የሚመዝንና ጡት የማይጠባ ሕፃን በቀን ወደ 900 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለ ሕፃን አንዱ ቆርቆሮ የሦስት ቀን ቀለብ ነው፤ በወር አሥር ቆርቆሮ ማለት ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «ይህ እኮ የአንድ ሰው ሙሉ ደመወዝ ነው» አለ። ለብዙ ሰው ከደመወዝም ይበልጣል።

ለልጃችን ታላቅ እህት የገዛሁበትን ዋጋ አልረሳሁትም፤ ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወተቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ። የሕፃን ወተት ደግሞ እንደ ልብስ «ለዛሬ ይቅር» የሚባል ነገር አይደለም። ልጁ በሦስት ሰዓቱ ያለቅሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጤና ጣቢያ ገና እርጉዝ ሳለን ጀምሮ የሚነገረን ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳን ሳይጨመርበት፣ ይጥባ የሚል ነው። ትክክለኛ ምክር ነው፣ አምንበታለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠን 90 ቀን ነው። ሦስት ወር አርፈሽ ተመለሺ ይለናል አንዱ፤ ስድስት ወር አጥቢ ይለናል ሌላው። በመካከል ያሉትን ሦስት ወራት የሚሸፍነው ማን ነው? እናትና አባት ከኪሳቸው፣ በቆርቆሮ። ስለዚህ ስለ ዱቄት ወተት ቁጠባ ሲነሳ እኔ መጀመሪያ የማስበው ስለ ገበያው ሳይሆን ስለነዚያ ሦስት ወራት ነው።

ወጪያችንን ከምንም በላይ የቀነሰው በቢሮ እያለብኩ ወተቴን ወደ ቤት መውሰዴ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ክፍል የለንም። የድሮ ፋይሎች የሚቀመጡበት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቁልፉን ከኃላፊው ለምና አመጣችልኝ፤ በር ላይ ቆማም ትጠብቀኛለች። ውለታዋን በምን እንደምመልስ አላውቅም። እጄን ታጥቤ በእጄ አልባለሁ፤ መሣሪያውን አልገዛሁም፤ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ አያያዙን በደንብ አሳይታኛለች። የታለበ የጡት ወተት መጠነኛ ሙቀት ባለው ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ቢሯችን ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ማታ በበረዶ ከረጢት ወደ ቤት አደርሰዋለሁ። በረዶ አድርጎ ለወራት ማቆየትም ይቻላል ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ የድካሜን ፍሬ ለዚያ አልሰጠሁትም።

ሰዎች ወተት አነሰኝ ስል የመከሩኝ ብዙ ነው። አጥሚቱንም፣ አብሹንም በደስታ ጠጥቻለሁ፤ የሚያጠጡኝ ስለሚወዱኝ ነው። ወተቱን የጨመረው ግን ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው። ጡት በተጠባና በታለበ ቁጥር ያመርታል፤ ቆርቆሮ በገባ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ነገር ለእያንዳንዷ አራስ ማንም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ አድርጎ ቢነግራት ስንት ብር ይተርፍ ነበር! አንዳንዷ እናት ልጁ ስላለቀሰ ብቻ ወተቴ አልበቃውም ብላ ቆርቆሮ ታስገዛለች፤ ከዚያ በኋላ በእውነትም አይበቃውም።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ቆሜ ያየሁት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕፃን ያዘለች ወጣት እናት፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባለሙያውን ዝቅ ባለ ድምፅ «ማንኪያውን ግማሽ ባደርገው ይጎዳዋል?» አለችው። ሰውየው አልተቆጣትም። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ «እህቴ፣ ይህን ፈጽሞ እንዳታደርጊው» ብሎ ቀስ እያለ አስረዳት። የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ከዚያም የባሰው፣ ውሃው ሲበዛ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ማወፈርም እንዲሁ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። የማንኪያው ልክ የሚነካ ነገር አይደለም። ከዚያ ግን የጠየቃት ደስ አለኝ፦ ጡትሽ ሙሉ በሙሉ ደርቋል ወይስ ይጠባል? ይጠባል አለች። እንግዲያውስ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ወተቱን መልሶ መጨመር ይቻላል አላት። ነጋዴ ሆኖ ሳለ ቆርቆሮ እንዳይሸጥ የሚያደርገውን ምክር ሰጣት። እግዚአብሔር ይስጠው።

ቁጠባው ከማንኪያው ውጭ ነው መፈለግ ያለበት። ለምሳሌ በምርቶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አስገራሚ ነው። ከልደት ጀምሮ ለሚሰጠው የሕፃናት ወተት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዴክስ የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ በውስጡ ሊኖሩ የሚገባቸው ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ቫይታሚንና ብረት በዚያ ተወስነዋል። መስፈርቱን የሚያሟላው ርካሹም ውዱም ጤናማ ሕፃን ያሳድጋሉ። በውዱ ቆርቆሮ ላይ «ለአእምሮ እድገት» የሚል ሲጻፍ እናት ትሸነፋለች፤ ለልጇ የማትፈልግ ማን ናት? እኔ ከርካሾቹ አንዱን መርጬ ልጄ ተስማምቶታል፤ ክብደቱ በካርዱ ላይ መስመሩን ይዞ ወጥቷል። ለተለየ ሕመም የሚታዘዙት ግን በሐኪም ምክር ብቻ ነው የሚገዙት።

ስገዛ ቆርቆሮው ያልተጠረመሰ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ሳላይ ገንዘብ አልከፍልም። በሻንጣ መጣ ተብሎ በርካሽ የሚቀርበውን፣ በምን ሙቀት ተቀምጦ እንደቆየ የማይታወቀውን፣ አልደፍርም። ትልቁ ቆርቆሮ በግራም ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ከተከፈተ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላው ማለቅ አለበት፤ እንደ ልጄ በከፊል ለሚጠባ ሕፃን ትንሹ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ያለውን ብክነት ያስቆመችው ልጁን የምትጠብቅልን የባለቤቴ እህት ናት። በፊት 120 ሚሊ ሊትር ይበጠበጥና ግማሹ ይተርፍ ነበር። ሕፃን አፉን ያሳረፈበት ወተት ለሚቀጥለው አይቀመጥም፣ ይደፋል። አሁን በ60 ትጀምራለች፤ ካልበቃው ሌላ ትጨምራለች። ውሃውን አፍልታ ብዙም ሳይቀዘቅዝ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ፣ መጀመሪያ ውሃውን ቀጥሎ ዱቄቱን ታደርጋለች፤ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ሙቀቱ ያስፈልገዋል። ከዚያ ለብ እስኪል በቀዝቃዛ ውሃ ታበርደዋለች። ጡጦውንም ትታዋለች። በትንሽ ኩባያ ታጠጣዋለች፤ በቀላሉ ስለሚታጠብ ተቅማጥን ይከላከላል፣ ለጡጦና ለጫፉ የሚወጣውም ብር ቀረ። የአንድ ሕፃን ተቅማጥ ለሐኪምና ለመድኃኒት ስንት እንደሚያስወጣ ያየ ያውቀዋል።

አማቴ ከመጡ ወዲህ ደግሞ ስለ ላም ወተት ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን የለም። «ልጄ፣ አባቱን በምን ያሳደግኩት ይመስልሻል? በላም ወተት እኮ ነው፤ በውሃ ቀጠን አድርገሽ አጠጪው» ይሉኛል። እማማ የሚሉት በፍቅር ነው፣ ደግሞም የወጪያችን ነገር አሳስቧቸው ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን የላም ወተት አይሆንም፤ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ ብረቱም አይበቃም። ይህንን በአክብሮት ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ግን ወደ እሳቸው ያዘነብላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከስድስት እስከ 11 ወር ላሉና ከእናት ጡት ሌላ ወተት ለሚጠጡ ሕፃናት የዱቄት ወተትም ሆነ የእንስሳት ወተት ሊሰጥ እንደሚችል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ለዚያ ዕድሜ ተብለው የሚሸጡት፣ ቁጥር 3 የሚባሉት የዱቄት ወተቶች እንደማይመከሩ ይናገራል። ይህን ሳነብላቸው እማማ «አላልኩሽም?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ሐኪማችን ብረት ያለው ምግብ አብሮ እንዲኖር አጥብቆ ስላስጠነቀቀን፣ የላም ወተቱን ቀስ ብለን፣ በደንብ ተፈልቶ፣ ከምግቡ ጋር ነው የምንጀምረው። ቁጥር 3ን ግን ቤታችን አናስገባውም።

የሚቀጥለው ወር ልጁ ስድስት ወር ይሞላዋል። እማማ ገብሱንና አጃውን ለገንፎ ማስቆላት ጀምረዋል፤ ምስርና ድንችም ይፈጫል። ቆርቆሮው በግማሽ ይቀንሳል ብለን እንጠብቃለን። የሚተርፈውን ብር ባለቤቴ ለክረምቱ ኪራይ ጭማሪ እናስቀምጠው ይላል። እኔ እንቁላል እንግዛበት እላለሁ፤ በቀን አንድ ለሱ፣ አንድ ለእህቱ። እማማ ከእኔ ጋር ናቸው።