ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፦ በጅማ ያካሄድነው የጎደሬ ውድድር

በጅማ የምግብ ውድድር ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ሁሉም ሰው የሁሉንም ድስት መቅመስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። እኛ ባለንበት ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ፣ ቡና ተጠራርቶ፣ በሐዘንም በደስታም ተያይዞ የሚኖር ቢሆንም፣ ሥጋ ላይ ሲደረስ ሁሉም የየራሱን እርድ ይበላል። ውድድሩ በዶሮ ወጥ ወይም በጥብስ ቢሆን ኖሮ ግማሹ እንግዳ የግማሹን ባለሙያ እጅ ሳያውቅ ይመለስ ነበር። በአንድ አትክልት ብቻ እንወዳደር የሚለውን ሐሳብ ለጎረቤቶቼ ያቀረብሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ቀኑም በኅዳር መጨረሻ ላይ ስለዋለና ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል አብረው ወጡ። አንዳንዶች «ታዲያ ምን ቀረ?» ብለው ነበር፤ እኔ ግን የወጣው ነገር ውድድሩን እንደጠቀመው አምናለሁ፤ ምክንያቱም ንጥር ቅቤ የገባበት ድስት ሁሉ ይጣፍጣል፣ ያ ሲነሣ ደግሞ የሰው ሙያ ያለ ሽፋን ይታያል።

አትክልቱን መምረጥ ብዙ ክርክር አስነሣ። ጎመን ተብሎ ነበር፤ ሆኖም ጎመን በየቤቱ የሚሠራው በአንድ መንገድ ስለሆነ ቀማሹን ያሰለቻል። ድንች ምንም ቢያደርጉት እሺ የሚል አትክልት ነውና ለጀማሪም ለባለሙያም እኩል ይታዘዛል። ቦዬ ተጠቅሶ በዋጋው ምክንያት ቀረ። በመጨረሻ የተስማማነው ሥሩ ተቀቅሎ በሚበላው በጎደሬ ላይ ነበር። ለውድድር የሚመች አትክልት ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ነገር ግን ማንም አውቄ ጨርሸዋለሁ የማይለው መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ። ጎደሬ ከጅማ እስከ ካፋና ሸካ፣ ከዚያም እስከ ዳውሮና ወላይታ ድረስ በየጓሮው የሚበቅል ሆኖ ሳለ፣ በከተማው ማዕድ ላይ ያለው ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስበው እህል ሲያልቅ ክረምትን የሚያሻግር የችግር ጊዜ ምግብ አድርጎ ነው። መነሻው እስያ የሆነው ይህ ተክል በሃዋይ ደሴቶች ተቀቅሎና ተደቁሶ «ፖይ» የሚባለውን ምግብ ይሰጣል፤ በህንድ ደግሞ ቅጠሉ ሳይቀር የሽምብራ ዱቄትና ቅመም ተቀብቶና ተጠቅልሎ ይበስላል። በእኛ ዘንድ ከቅቅል አልፎ የሚያስብለት ሰው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ደንብ ጎደሬው ከአንድ ሻጭ በአንድ ቀን ተገዝቶ ለሁሉም በእኩል ሚዛን እንዲከፋፈል የሚል ነበር። ጎደሬ እንደ ዘሩና እንደበቀለበት መሬት ይለያያል፤ አንዱ ሲቀቀል ደረቅ ብሎ ይፈራረሳል፣ ሌላው ውኃ የቋጠረና ዝልግልግ ይሆናል፤ አንዱ ጉሮሮን ክፉኛ ሲከረክር ሌላው እምብዛም አይታወቅም። ሁሉም የየራሱን ቢገዛ ኖሮ ያሸነፈችው ሻጯ ትሁን ባለሙያዋ መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ኀሙስ ዕለት ወደ ሂርማታ ወረድሁ። የሂርማታ የኀሙስ ገበያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚመጣበት ታላቅ ገበያ ነበር፤ እኔ ግን የሄድሁት ለጎደሬ ብቻ ነው። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ዘንድ ጠንካራውን፣ ሲያነሡት ክብደት ያለውን፣ በመቆፈሪያ ያልቆሰለውንና መጠኑ የተቀራረበውን እየለየሁ ለእያንዳንዱ ቤት 2 ኪሎ እንዲደርስ አስመዘንሁ። እንደ ጨረስን ሴትዮዋ፣ «ልጄ፣ አፈሩን እንዳታጥቡት፤ የታጠበ ጎደሬ አያድርም» አሉኝ። ምክራቸው ትክክል ነው፤ እርጥበት የነካው ጎደሬ ቶሎ ይበሰብሳል። መጠኑ መቀራረቡም ከመልክ ያለፈ ጥቅም አለው፤ ትልቁና ትንሹ አብረው ከተቀቀሉ ትንሹ ሲፈርስ የትልቁ መሃል ገና ጥሬ ነው።

ጎደሬን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው ጥሬውን መቅመስ እንደማይገባ ነው። በሥሩም፣ በአገዳውም፣ በቅጠሉም ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ውሕድ በመርፌ ቅርጽ ተደርድሮ ይገኛል፤ እጅን የሚያሳክኩት፣ ምላስንና ጉሮሮንም የሚከረክሩት እነዚህ በዓይን የማይታዩ መርፌዎች ናቸው። በውኃ ስለማይሟሙ በማጠብ ብቻ አይወገዱም፤ መፍትሔው ረዘም ላለ ጊዜ ማብሰል ነው። ከዚህ የተነሣ ማንም ሰው መሃሉ ያልበሰለ ምግብ እንዳያቀርብ፣ ጎደሬው የተቀቀለበትም ውኃ እንዲደፋና ለሾርባ እንዳይውል በደንቡ ውስጥ አስገባን። የውኃው ደንብ የሚመለከተው ከመርፌዎቹ ሌላ ያለውን፣ በውኃ የሚሟማውን የኦክሳሌት ክፍል ነው፤ ይህ የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። እንግዶችን ስንጠራ ስለ ጤናቸው አስቀድመን ጠይቀን ስለነበር፣ የሰፈራችን አንድ አባት ጠጠር እንዳለባቸው ታወቀ፤ ለእርሳቸው ሽሮ ተሠራላቸው፣ እርሳቸውም «እኔ የመልክና የሽታ ዳኛ ነኝ» ብለው ራሳቸውን ሾሙ። እንዲህ ያለ ውድድር ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ምግብ እንዳያቀርብ አጥብቄ እመክራለሁ።

በአላላጡ ላይ ሁለት ወገን ነበር። ከዳውሮ የመጣችው ጎረቤታችን ጎደሬውን ከነልጣጩ ቀቀለችው፤ ከዚያም ትኩሱን በጨርቅ ይዛ በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ቡናማው ቆዳ በአንድ ጊዜ ሾልኮ ነጩ ይወጣል፤ እጇም አልበላትም። ለጥብስ ወይም ለወጥ ጥሬውን መቁረጥ የነበረባቸው ግን ጎደሬውንም እጃቸውንም ሳያረጥቡ፣ መዳፋቸውን ዘይት ቀብተው ላጡ። እርጥብ እጅ ማሳከኩን ያባብሰዋል፤ ዘይቱ ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ጓንት ያለው ሰው በጓንት ቢሠራ ይበልጥ ይሻላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የከተማችን ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሆኖ የተቀረጸ የምግብ አሠራር ቪዲዮ «20 ደቂቃ ቀቅሉ» ሲል፣ ያ 20 ደቂቃ ለእኛ አይበቃም። ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ቢላ ወደ መሃሉ አስገብቶ ያለ ምንም ተቃውሞ ሲያልፍ ማውጣት ይበጃል። ቲማቲምና ሎሚም ጎደሬው ከበሰለ በኋላ ቢገቡ ይመረጣል፤ ኮምጣጣ ነገር የአትክልትን መለስለስ ያዘገያልና።

በዕለተ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰባት ቤቶች ምግባቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሁለቱ ሾርባዎች ለምሳሌ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ማንም አላስታወሳቸውም። ትኩረት የሳበው ከቦንጋ የመጡት ጡረተኛ መምህር የሠሩት ወጥ ነበር። ጎደሬ ወጥ ውስጥ ሲገባ ትልቁ ጣጣው መዝለግለጉ ነው፤ መረቁን እንደ ተልባ አድርጎ ማንኪያ ላይ ይጎትተዋል። መምህሩ ጎደሬውን ከፍለው አንድ ጊዜ አፍልተው ውኃውን ደፉ፣ በሌላ ውኃ ቀቀሉት፣ ከዚያም አጥልለው በወንፊት ላይ እስኪደርቅ ተዉት። በሌላ በኩል ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌት ሆኖ፣ በርበሬው በዘይት ተቁላልቶ፣ ኮረሪማና ጥምዝ ገብቶበት ካለቀ በኋላ ብቻ ጎደሬውን ጨመሩ፤ ጨምረውም በማማሰያ አልነኩትም፣ ድስቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቅነቅ አደረጉት እንጂ። ማማሰያ የጎደሬውን ጠርዝ እየፈገፈገ ስታርቹን ወደ ወጡ ይለቅበታል። ለሰላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ የሚሉ ሰው ስለሆኑ ይህን ሁሉ ሲያስረዱ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ እትዬ ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ አቋረጧቸው።

የሙስሊም ጎረቤታችን እማማ የጎደሬ ሳምቡሳ አቀረቡ። የተቀቀለውን ጎደሬ ደቁሰው በደረቅ መጥበሻ ላይ በዝግተኛ እሳት እያገላበጡ እርጥበቱን አወጡለት፤ እርጥብ ሙሌት ዘይት ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ሳምቡሳውን ይቀድደዋልና። ከዚያ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ጨመሩበት። ተከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በስሱ ቆርጦ የጠበሰው ጎደሬ ልጆቹን ሁሉ ሰበሰበ። አንዲት እናት የተደቆሰ ጎደሬ ከስንዴ ዱቄት ጋር አቡክተው ዳቦ ጋገሩ፤ ጎደሬ ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ሊጥ ሆኖ አይነሣም፣ ከሦስት እጅ ዱቄት ጋር አንድ እጅ ሲገባ ግን ዳቦው ለስላሳ ሆኖ ወጣ። የዳውሮዋ ጎረቤታችን ደግሞ ቅቅሉን ዳጣ በሚባለው በሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ብቻ አቀረበች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ዳኝነቱን ለጥቂት ሰዎች ከመስጠት ይልቅ የቀመሰ ሁሉ ድምፅ እንዲሰጥ አደረግን። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና ተሰጠው፤ ሦስቱንም ለአንድ ምግብ መስጠት ወይም ማከፋፈል ይችላል። ከእያንዳንዱ ሳህን ኋላ በወረቀት የተጠቀለለ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ተቀመጠ፤ ግልጽ ሲኒ ቢሆን ኖሮ ሰው ክምር አይቶ ወደ ክምሩ ይጨምራል። ሳህኖቹም ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ከእድራችን ተዋስን፤ በሰፈር ውስጥ የሰውን ሳህን የማያውቅ የለምና፣ «ይህ የእማማ ሳህን ነው» ከተባለ ድምፁ የሚሰጠው ለምግቡ ሳይሆን ለክብራቸው ይሆናል። የአቀማመሱ ቅደም ተከተል ግን ከዚህም ይበልጥ ወሳኝ ነበር። ዳጣ ቀድሞ ቢቀመስ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ጣዕም ያጣል፤ ስለዚህ ከለስላሳው ጀምረን ወደሚያቃጥለው ሄድን፣ በመካከሉም ውኃና ቁራሽ ዳቦ አኖርን። ጎደሬ ሆድ ይሞላል፤ ከእያንዳንዱ አንድ ጉርሻ ብቻ ካልተባለ ግማሽ መንገድ ላይ ሰው ይጠግባል።

ቡናው ሲቆጠር ሳምቡሳው አንደኛ፣ ወጡ ሁለተኛ፣ ቅቅሉ ሦስተኛ ሆነ። ውጤቱን ባከብርም በግሌ አልስማማበትም። ሳምቡሳው ግሩም ነበር፤ ነገር ግን ጎደሬ የሌለው ሳምቡሳም በትኩሱ ሲቀርብ ይጣፍጣል፣ ዘይቱ ቅቤው ይሠራው የነበረውን ሥራ ተክቶ ሠርቷል። ጎደሬ ራሱ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው የነገረን ቅቅሉ ነበር፤ ጣፋጭነት ያለው፣ ደርቆ የሚሟሽሽ፣ ከዳጣው ጋር ሲገናኝ የሚነቃ ነገር። ይህን ሐሳቤን ስናገር እማማ፣ «እንግዲያው የሚቀጥለው ያለ ዘይት ይሁንና ያኔ እንተያይ» ብለው ሳቁ፤ ከሐሳባቸው በመነሣት የተጠበሰውና የተቀቀለው ለየብቻ እንዲወዳደር ተስማማን። ከወጡ ግን የቤት ሥራ ያልወሰደ ሰው የለም፤ ውኃውን ደፍቶ፣ አድርቆ፣ ሳያማስሉ መጨመር የሚለውን አሁን በሰፈሩ ብዙ ሰው ይሠራበታል።

ሽልማቱ አንድ የሸክላ ጀበና ነበር። ሽልማት ትንሽ ሲሆን ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘብ ቢገባበት ድምፅ ቆጠራው ላይ ሽማግሌ ማስቀመጥ በግድ ይሆን ነበር። የድምፅ መስጫው ቡና ተሰብስቦ፣ ታጥቦና ተቆልቶ በአዲሱ ጀበና ተፈላ። ጎደሬው፣ በርበሬውና ዘይቱ ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብ ተገዝቶ ስለነበር ማንም ከአቅሙ በላይ አላወጣም፤ የተረፈው ቅቅል ለልጆች ተከፋፈለ።

ለሚቀጥለው ጊዜ የተመረጠው ዱባ ነው። ዱባ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው፤ አንድ ዱባ ለሰባት ቤት ሲቆረጥ የዘሩና የልጣጩ ድርሻ እንዴት ይሁን በሚለው ላይ እስካሁን እየተከራከርን ነው። መምህሩ ሥጋው ብቻ በሚዛን ይከፋፈል ይላሉ፤ እኔ ዘሩም መግባት አለበት ባይ ነኝ፤ የተቆላ የዱባ ፍሬ ራሱን የቻለ ምግብ ስለሆነ ለባለሙያ ሰው አንድ ተጨማሪ መንገድ ይከፍታልና።