«ስንት ጊዜ ይጨምርለታል?»፦ የአጎቴን የካንሰር ክኒን ስከታተል የተማርኩት

ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ፋርማሲስት ነኝ። ሰው ማዘዣ ይዞ ይመጣል፣ መድኃኒቱን እሰጣለሁ፣ አወሳሰዱን እነግራለሁ፣ ይሄዳል። የካንሰር ክኒን የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ ግን ነገሩ በዚህ አያልቅም። ቤተሰቡ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይደነግጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሄን ብንገዛለት ስንት ጊዜ ይጨምርለታል?»

«ሐኪማችሁን ጠይቁ» የሚል መልስ አለን። ትክክለኛ መልስም ነው። ጠያቂዋ የገዛ አጎትሽ ልጅ ስትሆን ግን አይሠራም።

አጎቴ አጋሮ አካባቢ የቡና ማሳ ነበረው። መክሳት ሲጀምር ሰው ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለና ቅጠል ተጨምቆ ጠጣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲታይ ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሲቲ ስካኑ ዕጢው ወደ ጉበት የሚገባው ዋና የደም ሥር ውስጥ መግባቱን፣ ሳንባም መድረሱን አሳየ። ደሙ ውስጥ ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጠው ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ አለ። ቀዶ ሕክምና እንደማይሆን ተነገረን፤ ሶራፌኒብ የሚባል የካንሰር ክኒን ታዘዘ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ የኩላሊት ካንሰር ሳንባቸው ድረስ ደርሶ ሱኒቲኒብ የሚባል ሌላ ክኒን ጀምረው ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ቡና የሚጣጡ ናቸው። ማወዳደሩ ወዲያው መጣ።

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ታላቁ ከማሳው ግማሹን የሚገዛ ሰው አግኝቶ ነበር የመጣው። እህቱ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ፋርማሲስት አይደለሽ እንዴ? እስቲ ንገሪን፤ ያድነዋል ወይስ አያድነውም?»

«አያድነውም። ያዘገየዋል» አልኳት። ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን አንብቤ እንድመጣ ጥቂት ቀን ጠየቅኩ።

ያነበብኩትን በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ጻፍኩት። ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። ክኒኑ ምን ያደርጋል? ለምን ዓይነት ሰው ነው የተሞከረው? መቼ ነው የምናቆመው? ሦስተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን መጻፉ በኋላ ብዙ ጠብ አስቀርቷል።

ሶራፌኒብ ለጉበት ካንሰር መሰጠት የጀመረው አንድ ትልቅ ጥናት ጥቅሙን ካሳየ በኋላ ነው፤ ጥናቱ የታተመው በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 602 ሕሙማን ነበሩ። ግማሾቹ ክኒኑን ወሰዱ፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ለወሰዱት 10.7 ወር፣ ላልወሰዱት 7.9 ወር ሆነ። ይህን ስነግራቸው ታላቁ ልጅ ወዲያው ጣቱን ቆጠረ። «እና አባባ አስር ወር ነው ያለው?»

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የተሞከረባቸውን ሰዎች ቀድሞ ካረፈው ጀምሮ በተራ ብናሰልፋቸው፣ 10.7 ወር መሃል ላይ የቆመው ሰው ነው። ግማሾቹ ከዚያ በፊት አልፈዋል፤ ግማሾቹ ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ብዙ ቆይተው። አባባ ሰልፉ ውስጥ የት እንደሚቆም ቁጥሩ አይናገርም። ከዚያ በሌላ መልክ አቀረብኩት። በዓመቱ ክኒኑን ከወሰዱት ከመቶ 44ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ካልወሰዱት ደግሞ 33ቱ። ይሄኛው ገባቸው። ታናሹ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና «ለአስራ አንዱ ሲባል መቶውም ይገዛል ማለት ነዋ» አለ። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ የተጠቀሙም አሉ። ግን ከዚህ የበለጠ ቅልብጭ ያለ አነጋገር እኔም አልነበረኝም።

ሌላ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነበር። በዚያ ጥናት ዕጢው በሚታይ መጠን የቀነሰላቸው ከመቶ 2 ብቻ ናቸው። ክኒኑ ዕጢውን የሚያቀልጥ ሳይሆን እንደ ፍሬን የሚይዝ ነው። ይህን አስቀድመን ባናወራ ኖሮ፣ ከወራት በኋላ የተነሳው ሲቲ ስካን «መጠኑ እንዳለ ነው» ሲል ቤቱ ለቅሶ ይሆን ነበር። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ።

ለማን ነው የተሞከረው የሚለው ከቁጥሩ በላይ ይከብዳል። የጉበት ካንሰር ሕመምተኛ ሁለት በሽታ ነው ያለው፤ ካንሰሩና የተጎዳው ጉበት። ሐኪሞች ጉበቱን ቻይልድ ፑ በሚባል መለኪያ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይመድቡታል፤ «ሀ» ገና ደህና የሆነው፣ «ሐ» በጣም የደከመው ነው። ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን)፣ የደም መርጋት፣ ሆድ ውሃ መቋጠሩ፣ አእምሮ መደናገሩ ይታያል። 602ቱ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ሀ» ነበሩ። ጉበቱ የደከመ ሰው ያንን 10.7 ወር የኔ ነው ብሎ መያዝ አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ እስያ ውስጥ፣ አብዛኛው ሰው ሄፓታይተስ ቢ ባለበት በሌላ ጥናት፣ ቁጥሩ ለወሰዱት 6.5፣ ላልወሰዱት 4.2 ወር ነበር። የአጎቴ ሁኔታ ለዚህኛው ይቀርባል። ጉበቱ ግን ሲጀምር «ሀ» ነበር። ለልጆቹ ሁለቱንም ነገርኳቸው። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ስላልጠየቀኝ። እሱ የጠየቀኝ «ለቡና ለቀማ እደርሳለሁ?» ብቻ ነው። «ሊሆን ይችላል ጋሼ፤ ግን ቃል አልገባልህም» አልኩት። «ደግ፤ ቃል ከመግባት ይሻላል» አለና ወሬ ቀየረ።

ገንዘቡ ላይ እንሂድ። ሙሉ መጠኑ ባለ 200 ሚሊግራም ክኒን ጧት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው፤ በወር 120። የፈጠረው ኩባንያ የሚሸጥበት ዋጋ ለኛ የሚታሰብ አይደለም። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. የሕንድ መንግሥት ናትኮ ለተባለ የአገሩ ኩባንያ ያለ ፈጣሪው ፈቃድ እንዲያመርተው ፈቀደ። የወሩ ዋጋ ከ280,000 ሩፒ ገደማ ወደ 8,800 ሩፒ ወረደ። «የሕንዱ ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ ይህን ታሪክ እነግራለሁ። ዋጋው የወረደው መድኃኒቱ ስለቀለለ አይደለም። መታየት ያለበት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበው መሆኑ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑ፣ ጊዜው ያላለፈ መሆኑ ነው። በሰው እጅ በቦርሳ የመጣ ክኒን ከሆነ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ይየው።

ማሳውን በተመለከተ አቋሜን ተናገርኩ። የአንድ ወር ግዙ፤ ከዚያ በላይ አትግዙ። የብዙ ሰው መጠን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀነሳል፤ አንዳንዱም ያቋርጣል። የስድስት ወር መድኃኒት ገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረበት ቤት አውቃለሁ። ለሁለት ወር የሚሆነውን ገንዘብ ከተቀመጠ ቡና ሽጠው አዋጡ። መሬቱ ለጊዜው ተረፈ።

ከዚያ የምግቡ ነገር መጣ። ሶራፌኒብ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው በ29 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ለአጎቴ ሚስት ንገሩልኝ! «የታመመ ሰው በቅቤ ነው የሚነሳው» ብላ በየጧቱ ገንፎውን በቅቤ አጥለቅልቃ ክኒኑን አጠገቡ ታስቀምጥ ነበር። መከልከል አልሞከርኩም። ክኒኑን ጧት 12 ሰዓት ከአልጋው ሳይነሳ፣ ገንፎውን ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ አደረግን። ማታም ክኒኑ 12 ሰዓት፣ እራት አንድ ሰዓት ተኩል። ቅቤውም ቀረ አልተባለም፤ እሷም አልተቀየመችም።

እጅና እግሩ ግን ዋናው ፈተና ነበር። ይህ መድኃኒት መዳፍና ውስጥ እግርን ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይሰነጥቃል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው የሚመጣው፤ የደደረ ቆዳ ባለበት ቦታ ይብሳል። ዕድሜውን ሙሉ ማሳ የዋለ ሰው እግር አስቡት። ክኒኑ ሳይጀመር የደደረውን ተረከዝ ለብ ባለ ውሃ እየነከርን በቀስታ አለሰለስነው። ዩሪያ ያለበት ቅባት ጧትና ማታ፣ ላዩ ላይ የጥጥ ካልሲ፣ ሰፊና ለስላሳ ጫማ። ሙቅ ውሃ የለም፣ ዶማ የለም፣ ረጅም መንገድ በእግር የለም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከጥቂት ሳምንት በኋላ መርገጥ አቃተው። ሐኪሙ ለጊዜው አስቁሞ በግማሽ መጠን አስጀመረው።

ቤቱ ተሸበረ። «ግማሽ ከወሰደ በሽታው ይነሳል» ተባለ። መጠን መቀነስ በመድኃኒቱ መመሪያ ውስጥ ያለ፣ ሐኪሞች በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ነው። ሙሉውን ልውሰድ ብሎ በሁለተኛው ወር ጨርሶ የተወ ሰው የሚወስደው ዜሮ ነው። ዋናው ነገር በሐኪም ምክር መሆኑ ነው፤ አንዱ ልጅ በራሱ ቀንሶ ሌላው በራሱ ሲመልስ ትርምስ ነው። ከዚህ ውጭ የደም ግፊቱን በየሳምንቱ እለካው ነበር፤ ክኒኑ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ተቅማጥ ሲመጣ ኦአርኤስና ሐኪሙ ያዘዘው ማስቆሚያ።

ቅጠሉስ? ጠላት አላደረግኩትም። ጸበልም ዱዓም ከክኒን ጋር አይጣላም። የሚጠጣ ሥራሥር ግን ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ቢሊሩቢኑ ሲጨምር ካንሰሩ ይሁን ክኒኑ ወይስ ቅጠሉ ማን ይለያል? «የሚጠጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ይታይ» አልኳቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሳዩኝ።

በዚህ መሃል እትዬ ደህና ነበሩ። የአጎቴ ልጅ ተቆጣች። «የእሳቸው ክኒን ለኛ ለምን አልታዘዘም?» የሚገርመው፣ ሶራፌኒብ ራሱ በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው ለኩላሊት ካንሰር ነው፣ በ2005 እ.ኤ.አ.። ለጉበት የተፈቀደው በ2007፣ የዚያ ትልቅ ጥናት ውጤት ታውቆ ገና ሳይታተም። ሱኒቲኒብም ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ዕጢው የሚመገብበትን አዲስ የደም ሥር ያደናቅፋሉ። ልዩነቱ ያለው አካሉ ላይ ነው። ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል፤ ያለ ጉበት አይኖርም።

የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ላይ ሐኪሞች ስድስት ነገር ይቆጥራሉ። የሕመምተኛው አቅም መድከም፣ በሽታው ከታወቀ እስከ ሕክምናው ያለው ጊዜ ከዓመት ማነሱ፣ የደም ማነስ፣ የካልሲየም መብዛት፣ የሁለት የደም ሴሎች መብዛት። በሕይወት የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ አንድም የሌለበት ሰው 43 ወር ገደማ፣ አንድ ወይም ሁለት ያለበት 22.5፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያለበት 7.8 ወር ሆኖ ተገኝቷል። በሽታው አንድ፣ ልዩነቱ ይሄን ያህል! እትዬ አንድ ብቻ ነበረባቸው። የእሳቸው ልጆች ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነበር፤ «ኩላሊቱ ለምን ተቆርጦ አይወጣም?» በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 450 ሰዎችን አይቶ፣ ሱኒቲኒብ ብቻ የወሰዱት 18.4 ወር፣ መጀመሪያ ተቆርጦላቸው ክኒን የጀመሩት 13.9 ወር ሆነዋል። ቀዶ ሕክምናው አሁንም የሚጠቅመው ሰው አለ፤ ለሁሉም ግን አይደለም። እሳቸው ክኒኑን አራት ሳምንት ወስደው ሁለት ሳምንት ያርፋሉ። ቆዳቸው ቢጫ ሲል ሰፈሩ «ጉበታቸውም ሄደ» አለ። የክኒኑ ቀለም ነበር፤ ዓይናቸው ነጭ ነው፣ የጉበት ምርመራውም ደህና ሆነ።

ስለ አዲሶቹ መርፌዎች የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ ስልክ ላይ አይተው ይመጣሉ። እውነት ነው፣ ይሻላሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የሚባሉት መርፌዎች አብረው ከተሰጣቸው የጉበት ካንሰር ሕሙማን በዓመቱ 67 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ሶራፌኒብ ከወሰዱት 55 በመቶ ገደማ። የእኛ ቤት አቅም ግን እዚያ አይደርስም ነበር። ያንን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

አጎቴ ለቀማው ላይ ደረሰ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠራተኛ ሲያዝ ነበር የዋለው፤ ከካልሲው ጋር። ከዚያ ሆዱ ውሃ ቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ጉበቱ ከ«ሀ» ወረደ። ገጹ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ ሥር «ጉበቱ ሲደክም እናቆማለን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሐኪሙም ያንኑ አለ። ማንም «ገንዘብ ሰስታችሁ ነው» ብሎ ማንንም አልወቀሰም። የቀረው ገንዘብ ውሃውን ለማስቀዳት፣ ለሞርፊንና ለመመላለሻ ዋለ። የሚጠጣውን ሞርፊን ቤተሰቡ መጀመሪያ ፈርቶት ነበር፤ አንድ ሌሊት ተኝቶ ካደረ በኋላ ሰዓቱን የሚያስታውሱኝ እነሱ ሆኑ። ቤቱ ውስጥ አረፈ።

ከአርባው በኋላ ልጆቹን ሁሉ ለሄፓታይተስ ቢ አስመረመርኳቸው። ማስፈራሪያም ልመናም ነበረው። ሁለተኛው ልጅ ተገኘበት። አሁን ቫይረሱን የሚያፍነውን ቴኖፎቪር ይወስዳል፤ በየስድስት ወሩ ጉበቱን በአልትራሳውንድ ይታያል። ትንንሾቹ የልጅ ልጆች ክትባቱን በሕፃንነታቸው ወስደዋል፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌሎቹ ክትባቶች ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ታላቁ ልጅ ነፃ ነው ተብሎ ሦስቱን መርፌ ጀምሯል፤ ሁለተኛውን እንዳይረሳ በየሳምንቱ እደውልለታለሁ።