ተልባው ሲያስታግሰኝ የዳንኩ መስሎኝ

ደሴ ነው የማስተምረው። የትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ስለማይመች ጠዋት ውሃ አልጠጣም ነበር። ሽንቴንም እስከ ማታ እይዛለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ያከመችኝ እናቴ ናት። «ብርድ ነው ልጄ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ በትልቅ ጣሳ ታመጣልኛለች፤ ጠዋትና ማታ። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ። ተልባ ፍቱን ነው ብዬ ለስንት ሰው ነገርኩ!

ሦስተኛው ጊዜ ግን አለቀቀኝም። አምስት ቀን ተልባና የአብሽ ውሃ ስጠጣ ሰነበትኩ። በስድስተኛው ሌሊት አንቀጠቀጠኝ፣ አተኮሰኝ፣ ቀኝ ጎኔን ወግቶ ያዘኝ። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቴ ደርሶ ነበር። ሐኪሟ «ትኩሳት፣ የጎን ውጋትና ማስመለስ ካለ ቀን አይሰጥም፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ማቃጠሉ ብቻም ቢሆን ቶሎ ትምጣ» አለችኝ። በሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ በሚለይ ምርመራ) የተገኘው ኢ. ኮላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ።

ከዳንኩ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ተልባ ወይም አብሽ ይህን ኢንፌክሽን እንደሚያድን በሰው ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠበት ጥናት አላገኘሁም። ስለ ውሃ ግን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ ውሃ የማያዘወትሩና በሽታው የሚመላለስባቸው 140 ሴቶች ተሳትፈዋል። በቀን 1.5 ሊትር ጨምረው የጠጡት በዓመት በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፤ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ። ያኔ የእናቴ ጣሳ ትዝ አለኝ። ለካ ውሃ ነበር ያጠጣችኝ! ደግሞ ቀላሉ ኢንፌክሽን አንዳንዴ በራሱም ይለቃል።

ክራንቤሪ የሚባለውን ቀይ የውጭ አገር ፍሬም አዲስ አበባ ያለች ዘመዴ ላከችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 50 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ፣ በሽታው የሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ ዳግም የመያዝ ዕድልን በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። መከላከያ ነው እንጂ የያዘን ኢንፌክሽን አያድንም። በየፋርማሲው የሚወደሰው ዲ-ማኖዝ የተባለ የስኳር ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በ598 ሴቶች ላይ ተሞክሮ መከላከል አልቻለም። ገንዘቤን አላወጣበትም።

አራተኛው ጊዜ ማቃጠል በጀመረኝ ዕለት ሽንቴን ተመረመርኩ፣ የታዘዘልኝን ዋጥኩ፣ አለፈ። አሁን የውሃ ኮዳዬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በእረፍት ሰዓትም ሽንት ቤት እሄዳለሁ፣ ቢመችም ባይመችም። እናቴ ተልባውን አልተወችም፤ እኔም ደስ ብሎኝ እጠጣለሁ። ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት ግን «ተመረመርሽ?» ትለኛለች።