ስለ ልጄ ቀኝ ክንድ ልመስክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኪዳነ ምሕረት ልጄን ከሞት አትርፋልኛለች። ያን ጊዜ «ይህን ካደረግሽልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ስለቴ ደርሷልና ልናገር። እንባዬ እየቀደመኝ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ።

ልጄ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደገው። ስታርተር ፒቸር ነው፤ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ማለት ነው። ጉብታው ላይ ቆሞ 18 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቆ ቁጢጥ ወዳለው ካቸር፣ ማለትም ኳሱን ወደሚቀበለው ተጫዋች፣ ይወረውራል። አንድ ቀን ከወረወረ ክንዱ እንዲያገግም ቀናት ያርፋል፤ ከዚያ ደግሞ ተራው ይደርሳል። ትንሽ ልጅ እያለ ከሰንበት ትምህርት ቤት ሲመለስ «እማ፣ ዳዊትም ፒቸር ነበር እኮ» አለኝ። ይህን ቃል በልቤ ያዝኩት።

እ.ኤ.አ. በ2021 ድራፍት ላይ፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ማለት ነው፣ ስሙ ተጠራ። ድራፍቱ 20 ዙር ነው፤ የእሱ ስም የመጣው ወደ መጨረሻው ነው። እኛ ግን ቤታችን ሠርግ ሆነ። ሰው ወዲያው ቴሌቪዥን ላይ የሚያየው መስሎት ነበር። መንገዱ ግን ረጅም ነው። ከታችኛው ደረጃ ከሩኪ ወደ ሲንግል ኤ፣ ከዚያ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ፣ ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ። ብዙዎቹ መሃል ላይ ይቀራሉ። በ2022 የሲንግል ኤ ደሞዝ በዓመት 11 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ነው ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራድረው 26 ሺህ 200 የገባው። እስከዚያ ሽሮና በርበሬ በፖስታ እልክለት ነበር። አባቱ ኢንጂነሪንግ ይማር ባይ ነበር፤ ግን አንድም ቀን ተስፋ አላስቆረጠውም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

በ2023 በጋ ላይ ሃይ ኤ ደርሶ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ባልንበት ሰዓት፣ አንድ ኳስ ሲወረውር ክርኑ ውስጥ «ጧ» አለ። ጅማቱ ተበጥሷል። ቶሚ ጆን የሚሉትን ቀዶ ጥገና ማድረግ አለበት ተባለ። ከራሱ ሰውነት ሌላ ጅማት ወስደው፣ አጥንቱን በስተው፣ እንደ ጫማ ክር አሳልፈው ያስሩታል። መጀመሪያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ቶሚ ጆን ለተባለ ፒቸር ሠራለት፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። ሰውየው ተመልሶ 164 ጨዋታ አሸንፏል። ታክሲ የሚነዳ አንድ የደብራችን ወንድም ደግሞ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ ክለብ ፒቸር ስለ ስትራስበርግ እየነገረ ያጽናናኝ ነበር። በ2010 ይሄው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ በ2019 ወርልድ ሲሪስ በሚባለው የሜጀር ሊግ ፍጻሜ ላይ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ፤ ያን ጊዜ መልስ እንኳ አልሰጠሁህም።

ምክንያቱም ተቆጥቼ ነበር። ሰው ላይ አይደለም፤ እግዚአብሔር ላይ። «ሰጥተህ ልትነጥቀኝ ከሆነ ለምን ሰጠኸኝ? ማን ለመነህ?» አልኩት። ኢዮብ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ብሎ ባርኮታል። እኔ አልባረክሁትም። ውዳሴ ማርያም መድገም ተውኩ። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ሻማ ማብራት ተውኩ።

ቀዶ ጥገናው ፍሎሪዳ ተደረገ። አጠገቡ ሰንብቼ፣ ሥራ ስለማይጠብቀኝ ተመለስኩ። ከዚያ ያች ሌሊት መጣች።

የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ሲመሽ ደውዬለት «ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ልተኛ» ብሎኛል። ድምፁ አላማረኝም። ቆይቼ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። የቤት ተጋሪው ወቅቱ አልቆ አገሩ ገብቷል። ክለቡ ጋ ስደውል የተቀዳ ድምፅ ነው የሚመልሰው። 911 ስደውል የአካባቢዬ ነው ያነሳው። የፍሎሪዳውን ፖሊስ ቁጥር ሰጡኝ፤ እነሱም ሰው እንልካለን አሉ። መቼ? አይታወቅም። እግሬ ከዳኝ። ናይጄሪያዊቷ ባልደረባዬ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ በሽተኞቼን ተረከበችኝ። ውለታዋን መድኃኔዓለም ይክፈላት።

በዚህ መሃል እዚያው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አካባቢ ዘመድ ያላት የደብራችን እኅት ትዝ አለችኝ። እኩለ ሌሊት ነው፣ ደወልኩላት። እሷ እነሱን ቀሰቀሰች። ባልና ሚስት፣ አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች፣ ከእንቅልፋቸው ተነስተው መኪና አስነሱ። መንገዱ ሩቅ ነው። እኔ እረፍት ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክኬ ያንን የተውኩትን ጸሎት ጀመርኩ። ግማሹ ጠፋብኝ። አንድ ቃል ብቻ እየተመላለሰ አፌን ሞላው፦ «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም።» አይተኛም። አያንቀላፋም። «ኪዳነ ምሕረት፣ ኳሱ ይቅር፤ ልጄን ብቻ!» አልኳት። ጥላ ተሳልኩ፤ ምስክርነቱንም ያኔ ነው የተሳልኩት።

የባልና ሚስቱ ስልክ ከእኔ ጋር ተከፍቶ ነበር፤ በሩን ሲደበድቡ ይሰማኛል። ዝም። ደግመው ደበደቡ። ዝም። ሴትየዋ በአማርኛ «ልጄ! ክፈት የኔ ጌታ!» ብላ ጮኸች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።

ኋላ ሲነግረኝ «እናቴ የመጣች መስሎኝ ነው የተነሳሁት፤ የበሩን ድምፅ አልሰማሁትም» አለ። በእንግሊዝኛ ቢጠሩት ኖሮ እላለሁ፣ ከዚያ ማሰብ አልችልም።

ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ክርኑ አብጧል። ፖሊስም ያኔ ደረሰ። ሆስፒታል ሲገባ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደሙ መግባት ጀምሯል ተባለ። በማለዳ ከባልቲሞር አየር ማረፊያ ተሳፍሬ ስደርስ ሐኪሙ «እስከ ጠዋት ቢቆይ…» ብሎ አልጨረሰውም። ቁስሉን ከፍተው አጠቡት። አዲሱ ጅማት ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ መወርወር አበቃ አሉን። ባልና ሚስቱ ሥራቸውን ትተው ሾርባ ያመላልሱ ነበር። ጅማቱ አልወጣም። በቦታው ይዞ ቀረ። ክብር ለእግዚአብሔር!

ከዚያ ክንድ ማጠፍና መዘርጋት፣ ፎጣ መጭመቅ፣ ቀስ ብሎ መወርወር፣ አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ አለፈ።

በ2025 ጸደይ እንደገና ከሲንግል ኤ ጀመረ። ነጠላዬን ለብሼ ከካቸሩ ጀርባ፣ መረቡ ጋ ተቀመጥኩ። ጉብታው ላይ ወጥቶ ክንዱን ሲያፍታታ ወንጌሉ በጆሮዬ መጣ፦ «እጅህን ዘርጋ አለው። ዘረጋትም፥ እጁም ዳነች።» የመጀመሪያዋ ኳስ ከፍ ብላ ሳተች። ሁለተኛዋ ገባች። ለስታርተር ድል እንዲጻፍለት ቢያንስ አምስት ኢኒንግ፣ ማለትም አምስት የጨዋታ ክፍል፣ መወርወር አለበት። አምስቱን ወረወረ። ቡድኑ አሸነፈ። እልል ስል ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ፤ እኔ ግን አላቋረጥኩም።

ወቅቱ ሳያልቅ ሃይ ኤን አልፎ ደብል ኤ ገባ። ባለፈው ኅዳር 16 ጥላውን ለኪዳነ ምሕረት አስገባን። አባቱ፣ እሱና እኔ፣ ከታምፓ የመጡት ባልና ሚስትም አብረውን ነበሩ።

አሁን ወደ ፍሎሪዳ ልምምድ ሊሄድ ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ከእሱ ይልቅ ግን ለእነዚያ ባልና ሚስት ጸልዩልኝ። ብዙ ዓመት ልጅ እየለመኑ ነው። በዚያች ሌሊት የኔን ልጅ «ልጄ» ብላ የጠራችው ሴት፣ የራሷን እንድትጠራ ከእኔ ጋር ለምኑላት።