ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢሄድስ?

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘጠኝ ያገለገሉ ላፕቶፖች አሉን፤ ሁሉም ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭኛለሁ። ስምንቱ አንድ ሞዴል ናቸው። ችግራቸውም አንድ ነበር፦ ክዳናቸው ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ተማሪ ግማሽ ሰዓት የጻፈው ይጠፋበታል። አምራቹ ይህን በአዲስ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) እንዳስተካከለው ካነበብኩ ቆይቻለሁ።

ግን ፈርቼ ተውኩት። ተራ ፕሮግራም ቢበላሽ እንደገና ይጫናል። እንደ ባዮስ ያለው ፈርምዌር ግን ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ላይ ነው የሚጻፈው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ጎንደር ላይ ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ድሮ ቢሆን ለዚህ ሲባል ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ መጫን ግድ ነበር። አሁን ሊኑክስ ላይ ኤፍደብልዩአፕዲ የሚባል ፕሮግራም አለ። ፈርምዌሩን የሚያወርደው አምራቾች ራሳቸው ከሚያስቀምጡበት ኤልቪኤፍኤስ ከተባለ ማከማቻ ነው። ሁለቱንም የጀመረው ሪቻርድ ሂዩዝ የሚባል ፕሮግራመር ነው። ዴል ቀድመው ከገቡት አንዱ ሲሆን ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2018 ተቀላቀለ። ይህ ሰው ለእኛ ዓይነቱ ክፍል ምን ያህል እንደጠቀመ ሳስበው ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ማሽን ገና የፈርምዌሮቹን ዝርዝር ከማከማቻው ሲያወርድ እምቢ አለ። የማከማቻው ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል። ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ፣ ሲም ቀየርኩ፣ ምንም የለም። በኋላ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ። አንድ ተማሪ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስተካክሎታል፤ ዓመቱ 2017፣ ሰዓቱም በሐበሻ። ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ቀኑን ራሱ እንዲያስተካክል ሳደርገው ወዲያው ሠራ። አሁን ምንም ከመንካቴ በፊት ቀኑን አያለሁ።

ሁለት ማሽኖች ላይ ደግሞ ኡቡንቱን የጫንኩት ሌጋሲ በሚባለው አሮጌ የማስነሻ ሁነታ ነበር። በዚያ ሁነታ ባዮሱ በዚህ መንገድ አይታደስም፤ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ ሁነታ ያስፈልጋል። የተማሪዎቹን ፋይል ገልብጬ ሁለቱንም እንደ አዲስ ጫንኩ። አንድ ቀን ሙሉ በላብኝ።

ዳታ ለመቆጠብ ፋይሉን አንዴ ብቻ አውርጄ በፍላሽ ለስምንቱም አዳረስኩት። ሞዴላቸው አንድ ስለሆነ ይቻላል።

ልቤን ያሳረፈልኝ አንድ ነገር መረዳቴ ነው፦ ማውረዱም ማዘጋጀቱም አደጋ የለውም። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚያስፈራው ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ቺፑ ላይ የሚጽፍባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ለእነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ስለዚህ ሁሉንም ሌሊቱን ቻርጅ አድርጌ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ላይ የእድሳቱን ሂደት ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መስመር ግማሽ ሲደርስ የጎረቤት ወፍጮ ድምፁ ቀጥ አለ። የቻርጀሩ መብራት ጠፋ። አብራኝ የነበረችው ተማሪ «መምህር፣ ሄደ!» አለች። እጄን ኪቦርዱ ላይ እንዳላሳርፍ ወደ ኋላ አልኩ። ፋኑ እየጮኸ ነው። መስመሩ ቆም አለ፣ ከዚያ ቀጠለ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ በራ፣ ከዚያ ኡቡንቱ መጣ።

አንዱ ባትሪው የሞተ ነበር። ፕሮግራሙ አላድስም አለ። ማስገደጃ ትእዛዝ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አልነካሁትም። መብራት እስኪመለስ ጠብቄ ከታደሰው ማሽን ላይ ደህናውን ባትሪ ነቅዬ አዞርኩለት። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀው።

ስምንቱ ዛሬ ክዳናቸው ሲከፈት ይነቃሉ። ዘጠነኛው ሌላ ሞዴል ነው፤ አምራቹ ፈርምዌሩን እዚያ ማከማቻ ላይ አላስቀመጠም። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «አይዘጋ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በየሳምንቱ ግን ዝርዝሩን አያለሁ።