እርሾ ጨምርበት

ሥራ አስኪያጃችን ለእንግዳ ሁሉ የሚያወራት ታሪክ አለችው። የመጀመሪያው የቤት ቢራችን ሞቶ፣ እሱ አንድ ፓኬት እርሾ በትኖበት እንዴት ነፍስ እንደዘራ። ብርጭቆ ይዤ ሳልፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። በየጊዜው ትጨምራለች፤ ሰሞኑን ደግሞ እኔ ባልዲውን ልደፋ ስል እጄን ይዞ እንዳስቆመኝ ሆናለች።

የምሠራው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ የባህል ምግብ ቤት ነው። ጠላና ጠጅ ነበረን። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚመጡት የቅዳሜ እንግዶች አዲስ ነገር ይፈልጋሉ ተባለና የባለቤቱ ዘመድ ከውጭ ዕቃ አመጣ፦ ከታች ቧንቧ ያለው ነጭ ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ የምትሰካ፣ ውሃ የሚደረግባትና ጋዙን በአረፋ እያስወጣች አየር የማታስገባ ኤርሎክ፣ በቆርቆሮ የታሸገ የብቅል ሽሮፕ፣ ደረቅ እርሾ። ድሮ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ስለሠራሁ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሃይድሮሜትሯ፣ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፋ ውፍረቱን የምትለካው የመስታወት ዘንግ፣ ግን የራሴ ናት።

20 ሊትር ጠመቅን። የሃይድሮሜትሯ መነሻ ንባብ 1.046፤ ንጹህ ውሃ 1.000 ነው፣ ስኳር በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ባልዲው ጠላ ቤቱ ጥግ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ተቀመጠ። የመጋቢት አዳማ ነው፤ ካላቀዘቀዙት እርሾው ይቸኩልና ቢራው አሴቶን አሴቶን ይላል።

በማግስቱ ኤርሎኳ ጭጭ። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ባትሪ ያበራባታል።

«አይፈላም» አለኝ።

«እየፈላ ነው። ልኬቱ 1.030 ገብቷል።»

«አረፋ የታለ?»

«የክዳኑ ጎማ በደንብ አልገጠመም። ጋዙ በጠርዙ እየወጣ ነው፤ ወደ ኤርሎኳ ለምን ይደክማል?»

«ዩቲዩብ ላይ ይንተከተካል።»

እሺ፣ በዓይኑ ይይ ብዬ ከቧንቧው ቀዳሁለት። ሃይድሮሜትሯን ብርጭቆው ውስጥ ለቅቄ አሽከረከርኳት፤ የተጣበቀባት አረፋ ካልለቀቀ ወደ ላይ ያነሳትና ውሸት ታነባለች። ጎንበስ ብሎ ከፈሳሹ ፊት ጋር ዓይን ለዓይን እንዲያይ አደረግኩት። «ስንጀምር እዚህ ድረስ ተንሳፋ ነበር። እርሾው ስኳሩን በበላው ቁጥር ፈሳሹ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እሷም ትሰምጣለች» አልኩት።

«ስትሰምጥ ነው ጥሩው?»

«አዎ።»

ቀና ብሎ ሱሪውን አራገፈ። «የሚሰምጥ ነገር ምኑ ነው ጥሩ?»

ለዚህ መልስ ዛሬም የለኝም። ማታ ማታ አልጋ ላይ ጥሩ ጥሩ መልስ ይመጣልኛል፤ ጠዋት ሳየው አንዱም የለም።

ጠላ ጠማቂያችን እትዬ ይህን ሁሉ ሳትሰማ አልቀረችም። ድፍድፏን እያማሰለች ነበር። ጋን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጥንስሷን በሽታና በጆሮ ብቻ የምትከታተል ሴት ናት፤ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጠፍ ታደርግና «ገና ነው» ወይም «ደረሰ» ትላለች። መጥታ የባልዲውን ክዳን በጣት ያህል ገለጥ አደረገች፣ ክብሪት ጫረች፣ ወደ ውስጥ አስገባቻት። እሳቷ ገና ፈሳሹ ጋ ሳትደርስ እልም። አንድ ደገመች፤ እልም።

«በሕይወት አለ» አለችው።

«ነፋስ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ።

እኔ ባልዲው ውስጥ በባትሪ አይቼ ነበር፤ አረፋው ወጥቶ የተመለሰበት ቡናማ ቀለበት ግድግዳው ላይ ደርቋል። ዋናው ግርግር ሌሊቱን፣ ሁላችንም በሌለንበት ነው ያለፈው። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ ቀለበት ካልኩት ደግሞ ቆሽሿል ሊል ነው።

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት ስለካ 1.018። ከዚያ ወዲያ እርሾ መጨመር ትርጉም የለውም፤ አብዛኛው ስኳር ተበልቷል፣ የገባው እርሾም በብዛት እየዋኘ ነው። ማታ እኔ ከወጣሁ በኋላ ሰውዬው መጠባበቂያውን ፓኬት ቀዶ ጨመረበት። ጠዋት ስገባ ባዶ ፓኬቱ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል፤ መቀሱ አጠገቡ።

እትዬ የተናደደችው በሌላ ነው። በክዳኑ ጠርዝ የሚወጣው ሽታ ዝንብ ጠርቶ ዝንቡ ወደ ጋኖቿ ተሻግሯል። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ጉድህን ድፈንልኝ» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ሊጥ ይዛ መጣች። አገሯ አረቄ ሲወጣ እንፋሎት እንዳያመልጥ መጋጠሚያውን እንደምትለስነው፣ የክዳኑን ዙሪያ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ለሰነችው። ዙሪያውን ጨርሳ እጇን እየጠረገች ሳለ ኤርሎኳ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንድ ጎን አበጠ። ቡልቅ። ትንሽ ቆየና፣ ቡልቅ።

ያን ጊዜ ነው ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ የገባው።

«አላልኩህም! እርሾው ሠራ!»

አፌን ከፈትኩ። እትዬ በሊጣም እጇ ክርኔን ያዘችኝ። «ተወው፣ ደስ ይበለው። ደስ ያለው ቀን እኛንም አያቃጥለን» አለች በሹክሹክታ።

ቢራው 1.010 ላይ ቆመ፤ ደግሜ ስለካውም ንቅንቅ አላለም። አልኮሉ 4.7 በመቶ አካባቢ። በአንድ ቅዳሜ አለቀ፣ ታሪኳም ያን ቅዳሜ ተወለደች።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሥራ ሳስተምር «አረፋ አትመን፣ ልካ» እላለሁ። ልጁ ግን ጠዋት ጠዋት ስገባ መጀመሪያ ኤርሎኳን እንደማይ አይቶብኛል። ሊጡንም አልተውነውም፤ ለጎማው መግዣ የጻፍኩት ጥያቄ እስካሁን አልተፈረመም። በፍጥነት የሚፈረመው የእርሾው ነው፤ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ለአንድ ባልዲ ሁለት ፓኬት ይገዛል። ሁለተኛውን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤው ጀርባ አስቀምጠዋለሁ። አሁን ፓኬቱ በዝቶ ቅቤው ቦታ አጥቷል።